መልስ፦ የኦክቶበር ዳታ ለምን የኦዞን ማገገምን አያሳይም?

ዳታህ አልተበላሸም፤ ያሳሳተህ የመረጥከው መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2023 የየዓመቱን የኦክቶበር ዝቅተኛ የአንታርክቲካ የኦዞን ቁጥር ብቻ ይዘህ «ለውጥ የለም» ማለትህ አይገርምም። በኦክቶበር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ኦዞን ተሟጦ ሊያልቅ ደርሷል። ኦዞንን የሚያጠፋው ክሎሪን በመጠኑ ቢቀንስም ባዶው ያው ባዶ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የዓመቱ ንፋስና ሙቀት ነው።

1. የሴፕቴምበርን አማካይ ውሰድ። ኦዞኑ ገና እየተበላ ስለሆነ የክሎሪኑ መቀነስ በፍጥነቱ ላይ ይታያል። (የፈረንጆቹን ማለቴ ነው፤ ከመስከረም 1 ከጀመርክ የመጀመሪያዎቹን 10 ወይም 11 ቀናት ታጣለህ።)

2. ከ220 ዶብሰን (የኦዞን መጠን መለኪያ) በታች ያለውን ቦታ፣ ማለትም የኦዞን ጉድጓዱን፣ ስፋት ብቻ አትቁጠር፤ የጎደለውን ኦዞን በቶን አስላ።

3. ሪግረሽኑ (የለውጡን መንስኤዎች የሚለየው ስሌት) ውስጥ የስትራቶስፌር (ኦዞኑ ያለበት የከባቢ አየር ንብርብር) ሙቀትና የእሳተ ገሞራ ብናኝ አስገባ። በ2015 የቺሊው ካልቡኮ እሳተ ገሞራ ጉድጓዱን አስፍቶታል፤ ይህን ካልለየህ ጥፋቱን በክሎሪን ታላክካለህ።

አንድ ጥንቃቄ፦ በ2002 እና በ2019 ስትራቶስፌሩ በድንገት ሞቆ ጉድጓዱ አንሷል፣ ከ2020 እስከ 2023 ደግሞ ሰፊና ረጅም ጊዜ የቆየ ነበር። ተከታታዩን የት እንደምትቆርጠው መልሱን ይለውጣል፤ እነዚህን ዓመታት አንዴ አስገብተህ፣ አንዴ አውጥተህ አስላ።

ሳተላይቱ በፀሐይ ብርሃን የሚለካ ከሆነ ደግሞ ጨለማ ላይ ያለው የዋልታ ክፍል አይነበብም። ፋይሉ ያንን ቦታ በ0 ሞልቶት ከሆነ፣ አማካይ ከመውሰድህ በፊት አውጣው።