«ሜታቦሊዝም» «ምግብ መፍጨት» ነውን?

ጥያቄ፦ የቤት እንስሳትን የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎችን ሜታቦሊዝም የሚያነጻጽር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ሜታቦሊዝም»ን «ምግብ መፍጨት» ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል? «የብሩሴላ ሜታቦሊዝም ከማይኮፕላዝማ ይለያል» ያልሁትንም አራሚዬ ሰርዞታል፤ ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ «ምግብ መፍጨት» አያስኬድም። «ፈጨ» ጠጣርን ማድቀቅ ነው፤ እህል በወፍጮ ይፈጫል፣ ከዚያም ተነሥተን ሆድ ምግብን ይፈጫል እንላለን። ባክቴሪያ ግን ሆድ የለውም፤ የሟሙ ንጥረ ነገሮችን በሽፋኑ በኩል ያስገባል፣ ሜታቦሊዝም የምንለውም በዋናነት ከዚያ በኋላ በሕዋሱ ውስጥ የሚካሄደውን፣ ኃይል የሚገኝበትን መፍረስና አካል የሚሠራበትን መገንባት በአንድነት ነው። «ልመት»ም የመፍጨት ወገን ስለሆነ አይተካውም። እኔ ብሆን ባዕዱን ቃል እንዳለ ወስጄ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ አብራራው ነበር።

አራሚዎ ትክክል ናቸው። በአማርኛ «ከ» የባለቤትነቱን «የ» ያስቀራል፤ «ከየማይኮፕላዝማ ሜታቦሊዝም» ሳይሆን «ከማይኮፕላዝማ ሜታቦሊዝም» እንላለን («ከየቤቱ» ላይ ያለው «የ» ሌላ ነው)። ስለዚህ ሁለተኛው «ሜታቦሊዝም» ሲቀር የባለቤትነቱ ፍንጭ አብሮ ይጠፋና፣ የአንዱ ባክቴሪያ ሂደት ከሌላው ባክቴሪያ ከራሱ ጋር የተነጻጸረ ይመስላል። በንግግር «ከማይኮፕላዝማው» ብለው ሊያልፉት ይችላሉ፤ በጽሑፍ ግን «ው» «ያ የታወቀው ማይኮፕላዝማ» ተብሎ ሊነበብ ስለሚችል «ሜታቦሊዝም» የሚለውን ቃል መድገሙ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ይለያል» ብሎ ማቆሙ ነው፤ በምን? ብሩሴላ አቦርተስ በላም እንግዴ ልጅ ውስጥ የሚገኘውን፣ ኤሪትሪቶል የተባለውን የስኳር አልኮል፣ ከግሉኮስ አስበልጦ ይጠቀማል፤ ማይኮፕላዝማ ማይኮይደስ በአንጻሩ የክሬብስ ዑደት (ብዙ ሕዋሳት ከንጥረ ነገር ኃይል የሚያወጡበት የኬሚካል ዑደት) የሌለው ሲሆን፣ ግሊሰሮልን ሲጠቀም የእንስሳውን ሕዋሳት የሚጎዳ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። እንዲህ ከተጻፈ «ይለያል» የሚለው ግስ ራሱ አያስፈልግም።

ስለ አባ ሰንጋና ስለ አባ ጎርባ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ከጻፉም «ያለ አየር ያድጋል» አይበሉ። ወሳኙ ኦክስጅን ነው፤ የአየር አብዛኛው ክፍል ደግሞ ናይትሮጅን ነው። የአባ ጎርባው ክሎስትሪዲየም ኦክስጅን ባለበት አያድግም፣ የአባ ሰንጋው ባሲለስ ግን ኦክስጅን ኖረም አልኖረም ያድጋል፤ «አየር» ካሉ ይህ ልዩነት ይደበዝዛል።