የጀርመን የጦር ሹማምንትና የማለዳ ግልቢያቸው

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ አባቴ እዚህ ኮምቦልቻ ከ30 ዓመት በላይ ጋሪ ነድተው ነው ያሳደጉኝ። «ፈረስ የሚወድ ሰው ልቡ ክፉ አይሆንም» የምትል አባባል ከአፋቸው አትጠፋም። በቅርቡ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳነብ፣ የጀርመን የስለላ ሹም የነበረ አድሚራል ጦርነቱ ተፋፍሞ እያለ በየማለዳው ፈረስ ይጋልብ እንደነበር አየሁ። ታንክና አውሮፕላን የያዙ ሰዎች ፈረስ ምን ያደርግላቸው ነበር? ባሕረኛንስ ከፈረስ ጋር ምን አገናኘው? የአባቴ አባባልስ ለእነዚህ ሰዎች ይሠራል?
አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ያነበቡት እውነት ነው፤ አድሚራሉም ከ1935 ጀምሮ የጀርመንን ወታደራዊ ስለላ የመራው ዊልሄልም ካናሪስ ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ)።

አስቀድመን የፈረሱን ነገር እንይ። በጀርመን፣ በተለይም በፕሩሲያ የመኮንኖች ወግ፣ እግረኛም ሆነ መድፈኛ፣ መኮንን የተባለ ሰው ኮርቻ ላይ መቀመጥ ካላወቀ ሙሉ ሰው አይባልም ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ መልሱን የምጽፍባት ደሴ የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት፣ እሳቸውም በፈረሳቸው ስም አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር። በዚያ ላይ አንደኛውን የዓለም ጦርነት የዘጋው፣ በ1919 የተፈረመው የቬርሳይ ውል የጀርመንን ምድር ጦር በ100,000 ሰው ሲገድበው ታንክ ከልክሎት፣ ከተፈቀዱለት 10 ክፍለ ጦሮች ግን 3ቱ ፈረሰኛ እንዲሆኑ ደንግጎ ነበር። በኋላ ታንክ እየነዱ አውሮፓን ያመሱት አዛዦች ብዙዎቹ በዚህች ትንሽ ጦር ውስጥ ያደጉ ናቸው። በ1941 በሶቪየት ላይ የዘመተውን አንደኛውን የታንክ ቡድን የመራው ኤቫልድ ፎን ክላይስት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የፈረሰኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ነበር። እስከ 1938 የምድር ጦሩ የበላይ የነበረው ቬርነር ፎን ፍሪች መድፈኛ ሆኖ ሳለ ትልቁ ፍቅሩ ፈረስ ነበር። በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ ጀርመን የፈረስ ውድድሮቹን 6 የወርቅ ሜዳሊያዎች ጠቅልላ ስትወስድም፣ ጋላቢዎቿ መኮንኖች ነበሩ።

ሠራዊቱ ራሱም ቢሆን በፊልም እንደምናየው በሞተር ብቻ የሚሄድ አልነበረም። በጁን 1941 ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲገባ ከ600,000 በላይ ፈረሶች ይዞ ነው፤ አብዛኛው እግረኛ ክፍለ ጦር መድፉንና ስንቁን ያስጎትት የነበረው በእነሱ ነው። የእነዚያ ፈረሶች ሥራ ከአባትዎ የጋሪ ፈረስ ሥራ ብዙም አይለይም።

ወደ ካናሪስ ስንመለስ፣ ባሕር ኃይል ከመኮንኑ ግልቢያ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ይህ ሰው ፈረስ ላይ የወጣው ማንም ሳያስገድደው፣ ወዶ ነው። የሚጋልበው ከመሥሪያ ቤቱ ብዙም በማይርቀው በቲየርጋርተን፣ በበርሊን መሃል በሚገኘው ሰፊ የዛፍ መናፈሻ ነበር። ዘወትር አብሮት የሚወጣው ደግሞ የኤስ ኤስ (የሂትለር የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ድርጅት) የውጭ ስለላ ሹም የነበረው ቫልተር ሼለንበርግ ነው። ልብ ይበሉ፤ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ተቀናቃኞች ነበሩ፣ አንዱ ሌላውን ሊውጥ ይጠባበቅ ነበር። ፈረሶቹ ጎን ለጎን በሶምሶማ ሲሄዱ ግን ስልክ የለም፣ ጸሐፊ የለም፣ ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ ማይክሮፎን የለም፤ የሚሰማው የኮቴና የልጓም ድምፅ ብቻ ነው። ዛቡን ላላ አድርጎ ስለ አየሩ የጀመረ ሰው፣ ጥቂት እልፍ ሲል ስለ ጦርነቱ መጨረሻ መጠየቅ ይችላል። እንደ እኔ እምነት እነዚያ ማለዳዎች መዝናኛም ሥራም ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን የሚወድበትም የሚሰልልበትም ሰዓት ያው አንድ ሰዓት ነበር።

ፍጻሜውን ሳስብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ካናሪስ በፌብሩዋሪ 1944 ከሹመቱ ተነሣ። ጁላይ 20 ቀን ክላውስ ፎን ሽታውፈንበርግ፣ እሱም ከባምበርጉ 17ኛ የፈረሰኛ ሬጅመንት የወጣ ጥሩ ጋላቢ፣ ሂትለርን ለመግደል ቦምብ አፈነዳ፤ ሂትለር ተረፈ። ከ3 ቀን በኋላ፣ እሑድ ዕለት፣ ካናሪስን ከቤቱ ሊይዝ የመጣው ያው የግልቢያ ባልንጀራው ሼለንበርግ ነበር። ሼለንበርግ በኋላ እንደጻፈው፣ ማምለጥ ቢፈልግ ጊዜ እንደሚሰጠው አመልክቶት ነበር፤ ካናሪስ ግን አልሸሽም አለ። ኤፕሪል 9 ቀን 1945 በፍሎሰንቡርግ ማጎሪያ ካምፕ ተሰቀለ።

የአባትዎን አባባል በተመለከተ፣ ከራሱ ምሳ አስቀድሞ ፈረሱን የሚያጠጣ ጋሪ ነጂ እኔም ስላየሁ፣ ከየት እንዳመጧት ይገባኛል። ለእነዚያ ሰዎች ግን አትሠራም። ሄርማን ፌገላይን ከልጅነቱ ከፈረስ ጋር ያደገ፣ በውድድር የታወቀ፣ በሙኒክ የኤስ ኤስን የግልቢያ ትምህርት ቤት የመራ ሰው ነበር። በጁላይና በኦገስት 1941፣ ዛሬ በቤላሩስና በዩክሬን ድንበር በሚገኘው የፕሪፕየት ረግረግ አካባቢ፣ በእሱ ሥር የነበሩት የኤስ ኤስ ፈረሰኞች መንደር ለመንደር እየዞሩ ከ10,000 በላይ አይሁዶችን ገደሉ። መኪና በማይገባበት ረግረግ ያደረሳቸው ፈረስ ነው። በ1946 የናዚ መሪዎችን የዳኘው የኑረምበርግ ፍርድ ቤት ኤስ ኤስን ወንጀለኛ ድርጅት ብሎ ሲፈርድ የግልቢያ ክበቦቹን ከውሳኔው ውጭ አድርጓቸዋል፤ የፌገላይን ብርጌድ ግን ክበብ ሳይሆን ጦር ነበር። እሱም ፍርድ ቤት አልደረሰም፤ በኤፕሪል 1945 መጨረሻ በርሊን ስትከበብ ሊከዳ ነው ተብሎ በሂትለር ትእዛዝ በራሱ ወገኖች ተረሸነ።