ሳልሞኔላ በዶሮ እርባታ፦ የእንስሳት ሐኪሙ ይመልሳል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዶሮዎቼ ላይ የዶሮ ታይፎይድ ተገኘ። ልጆቼን ይይዛል?

መልስ፦ ስሙ አያደናግርሽ እህቴ። እሱን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ጋሊናረም የሚባለው ተህዋስ ሰውን ብዙም አይነካም። የሰው ታይፎይድ የሚተላለፈው በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና ምግብ ነው። ለልጆች የሚያሰጋው ሳልሞኔላ ኢንተሪቲዲስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ነው። ዶሮዋ ጤነኛ መስላ ትውላለች፤ ተህዋሱ ግን ገና ቅርፊቱ ሳይሠራ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጥሬ እንቁላል አታጠጪያቸው።

ጥያቄ፦ ጫጩቶቼን ያስቀምጣቸዋል፤ ምን ልስጥ?

መልስ፦ ዕድሜያቸው? ስንት ሞቱ? ይህን ሳትነግረኝ መድኃኒት አላዝም። ዛሬ የሞተ ጫጩት ይዘህ ቤተ ሙከራ ሂድ።

ጥያቄ፦ ቤቱን በበረኪና ረጭቼ አዲስ ጫጩት ባስገባም በሽታው ተመለሰ።

መልስ፦ ኩሱን ሳታወጣ ረጭተሃል። በረኪናው ኃይሉን ኩሱ ላይ ይጨርሳል፤ ከሥሩ ያለው ተህዋስ አይነካም። መጀመሪያ ጉዝጓዙን በሙሉ አውጣ። ወለሉን፣ መቆሚያ እንጨቱን፣ የመጠጫውን ሥር ሳይቀር ፍቀህ በሳሙና እጠብ፣ አለቅልቅ፣ አድርቅ። ከዚያ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 1 ሊትር በ9 ሊትር ውሃ በጥብጥ፤ የተረጨው ቦታ 10 ደቂቃ እርጥብ ይሁን። ቤቱ ቢያንስ 2 ሳምንት ባዶ ይቆይ። አይጥ ካለ ግን ልፋትህ ከንቱ ነው፤ ከድሮው መንጋ የወሰደችውን በፋንድያዋ አዲሱ መኖ ላይ ትጥለዋለች። መኖውን ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ኩስ የነካውን እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ባጥብስ?

መልስ፦ አይሆንም። ቅዝቃዜው ውስጡን ያኮማትረውና ቆሻሻውን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይስባል።

አንድ አባል፦ ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ከታጠበ ምን ተህዋስ ይተርፋል?

ሌላ አባል፦ ሎሚ ሽታ ነው የሚያጠፋው።

የመጀመሪያው፦ እናቶቻችን እንዲህ ሠርተው ማን ታመመ?

መልስ፦ የገደለላቸው እሳቱ ነው። የሥጋው መሐል 74 ዲግሪ ከደረሰ ያበቃል፤ ወጡ ደግሞ ከዚያ በላይ ይንተከተካል። ለወጡ አልሰጋም። የምሰጋው የእጥበቱ ውሃ ለሚፈነጠቅበት ሰላጣና ዶሮው ተቆራርጦበት ቲማቲም ለሚከተፍበት መክተፊያ ነው። ወደ እርባታው እንመለስ።

ጥያቄ፦ በረኪና በስንት ይበጠበጣል?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ኩሱ አስቀድሞ ይውጣ!

ጥያቄ፦ ክትባት የለውም?

መልስ፦ ለዶሮ ታይፎይድ ቢሾፍቱ የሚመረት አለ። ሕያው ክትባት ስለሆነ በዚያው ሰሞን አንቲባዮቲክ ከሰጣችሁ ትገድሉታላችሁ። የቆሸሸ ቤትንም አይተካም።