አሸዋ ላይ ለመንዳት የትኛው መኪና? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለ ባሕር ዳርቻና ስለ አሸዋ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጆቹን ይዘን ኖርዝ ካሮላይና ሄደን፣ አሸዋው ላይ እየነዳን የዱር ፈረሶቹን ማየት እንፈልጋለን። ባለቤቴ ቶዮታ ራቭፎር ሃይብሪድ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሄደውን)፣ አራቱም ጎማ የሚገፋውን ኦል ዊል እንግዛ ይላል፤ እኔ ቶዮታ ፎርራነር ይሻላል ባይ ነኝ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለዚያ ቦታ አንቺ ልክ ነሽ። አስፋልቱ ኮሮላ ከምትባለው ከተማ አለፍ ብሎ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ እስከ ካሮቫ ድረስ መንገዱ ራሱ የባሕሩ ዳርቻ ነው። በተለይ መግቢያው ላይ ያለው አሸዋ መኪና ሲመላለስበት ስለሚውል ልል ነው፤ ጎማ ይውጣል።

ራቭፎር ሃይብሪድ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው በራሱ በተለየ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ከፊት ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፍ ዘንግ የለውም። ለዝናብና ለበረዶ ግሩም መኪና ነው። ጥልቅ አሸዋ ግን ያለማቋረጥ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያቺ ሞተር ስትግል ራሷን ለመጠበቅ ኃይል ትቀንሳለች፣ አንቺ ደግሞ በጣም የምትፈልጊያት ያኔ ነው። ፎርራነር ሻንሲ አለው፣ ሆዱም ከመሬት 24 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ባለ ፎር ዊሉ ሎው ማርሽም (ቀስ ብሎ በብዙ ጉልበት የሚጎትት ማርሽ) አለው። ባለ ሁለት ጎማ ፎርራነርም ስለሚሸጥ፣ ከመግዛትሽ በፊት ውስጥ ገብተሽ "ፎር ሎው" የሚል ማንሻ ወይም መዞሪያ መኖሩን በዓይንሽ እዪ።

ግን ባለቤትሽንም ልስማው። በዓመት ሦስት ቀን ለምትነዱበት አሸዋ ብላችሁ ዓመቱን ሙሉ የፎርራነር ነዳጅ መክፈል ያማል። ፈረስ ለማየት ብቻ ከሆነ የአሳቲግ ደሴት አብዛኛው ክፍል እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ ነው፣ እዚያም የዱር ፈረስ አለ፣ አስፋልቱ ላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ። ለዚያ ራቭፎሩ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዱባይ ነው የምሠራው። ባለፈው እሑድ ጓደኞቼን ይዤ በረሃ ወጣሁ። መኪናው ፓጄሮ ነው፣ ፎር ዊሉንም አስገብቻለሁ፣ ግን 50 ሜትር ሳልሄድ ተያዝኩ። መኪናውን ልቀይረው?

መልስ፦ ኧረ እንዳትቀይረው! መኪናህ ምንም አልሆነም። ጎማህን አስተንፍሰህ ነበር? ጥያቄህ ውስጥ ስለ ጎማ አንድም ቃል ስለሌለ አይመስለኝም።

የግመልን እግር አይተህ ታውቃለህ? ሲረግጥ ተዘርግቶ ሰፊ ይሆናል፣ ስለዚህ አይሰምጥም። ጎማም እንደዚያ ነው። 35 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው) ሲሞላ ክብ ሆኖ አሸዋውን ይቆፍራል። ወደ 18 ስታወርደው ይተኛል፣ መሬት የሚነካው ክፍል ይረዝማል፣ መኪናውም ከላይ ከላይ ይሄዳል። ከ15 በታች ግን በደንብ ካልለመድክ አትውረድ፤ መሪ በድንገት ስታጥፍ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል።

እኔ መጀመሪያ የተያዝኩ ጊዜ ያደረግኩት ነዳጅ መርገጥ ነው። ጎማው ጮኸ፣ አሸዋው በመስኮት ገባ፣ ከደቂቃ በኋላ ወርጄ ሳይ የመኪናው ሆድ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሏል፣ በሩ ሲከፈት ራሱ አሸዋ ይገፋ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ በእጃችን ዛቅን። እባክህ አንተ እንደዚያ አታድርግ። መንሸራተት ሲጀምር ወዲያው እግርህን አንሳ። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ያለውን አሸዋ ዛቅ፣ ከሆዱ ሥር ያለውንም አውጣ፣ ንፋሱን ትንሽ ቀንስ፣ ከዚያ በመጣህበት ፈለግ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ውጣ። የጎማ መንሸራተትን የሚቆጣጠረውን ቁልፍም አጥፋው፣ አሸዋ ላይ ጉልበት ይቆርጥብሃል። አካፋ፣ የንፋስ መለኪያና ትንሽ ኮምፕሬሰር ሳትይዝ አትውጣ፤ አስፋልት ላይ ስትመለስ ጎማውን ሳትሞላ ፍጥነት አትጨምር። ብቻህንም አትሂድ፣ ሌላ መኪና ይከተልህ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። አይዲ ፎር የምትባለውን የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ላንጋኖ ዳር አሸዋው ላይ ባወርደው ምን ይሆናል?

መልስ፦ አይውረድ። እኛ አገር ከገቡት አብዛኞቹ የሚገፉት በኋላ ጎማ ብቻ ነው፣ ክብደታቸው ከ2,000 ኪሎ በላይ ነው፣ ባትሪውም ሆዳቸው ሥር ተዘርግቷል። ሎጁ ጋ አቁመህ በእግርህ ውረድ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ስመለስ ማጠብ የግድ ነው? ቤት ስደርስ ይደክመኛል።

መልስ፦ የግድ ነው፣ በዚያው ቀን። ላቫጆ ስትወስጂው ላዩን አይደለም፣ ሥሩን በንጹሕ ውሃ እንዲያጥቡልሽ ንገሪያቸው፤ የጎማዎቹን ውስጥ፣ ፍሬኑ አካባቢ፣ ሻንሲው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ሁሉ። ጨውና እርጥብ አሸዋ እዚያ ተደብቆ ነው ብረቱን የሚበላው። ያገለገለ መኪና ከባሕር አካባቢ የምትገዙም፣ ክሪክ አስነሡና ሻንሲውን በመፍቻ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ዝገት ቅርፊቱን እየጣለ ከረገፈ ትታችሁ ሂዱ።