ፍርሃትህን ለሚስትህ አሸክመሃታል

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው። 9 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ፤ ሥራው አንገሽግሾኛል። የ6 ወር የኮዲንግ ቡትካምፕ (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን በአጭር ጊዜ የሚያስተምር ሥልጠና) ገብቼ ፕሮግራመር መሆን እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ግን አፌን ሳልዘጋ «ባይሆንስ?» ትለኛለች። ተምሮ የተቀጠረ ሰው ቪዲዮ ሳሳያት «እሱ አንተ አይደለህም» አለችኝ። በእኔ አታምንም። አሁን ስትገባ ላፕቶፔን መዝጋት ጀምሬያለሁ። ልጃችን ገና 3 ዓመቷ ነው። (ቅድመ ክፍያውን ከፍያለሁ፤ ገና አልነገርኳትም።) ቡትካምፕ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? እርስዎ ቢነግሯት ትሰማ ነበር። (ከረጅም ደብዳቤ ተቀንሶ የቀረበ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የጠየቅከኝን ልመልስ። የቴክኖሎጂ ሰው አይደለሁም፤ ግን ሙያ መቀየር የሚፈልጉ ሰዎች ስለሚመጡብኝ ነገሩ እንግዳዬ አይደለም። ቡትካምፕ መስፋፋት የጀመረው በ2012 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ያኔ ጥቂት ወር ተምሮ ሥራ ማግኘት ይቀል ነበር። አሁን በሩ ጠበብ ብሏል። በ2022 እና በ2023 ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ብዙ ሠራተኛ ቀነሱ። በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ የሚባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ፤ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረውን ቀላል ኮድ አሁን ማሽኑም ይጽፈዋል። «ከተመራቂዎቻችን ይህን ያህሉ ተቀጥረዋል» የሚል ቁጥር ካየህ ማንን ቆጥረው ማንን እንደተዉ ጠይቅ። ሥራ ፍለጋ ያቆመውን ከቆጠራው የሚያወጡ፣ እዚያው ረዳት አስተማሪ ያደረጉትን ደግሞ የሚጨምሩ አሉ። የሚሳካላቸው ሰዎች የሉም ማለቴ አይደለም። አሉ።

ግን ይህን ሁሉ አንተም የምታውቀው ይመስለኛል። ደብዳቤህ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፤ ኮድ ስለመጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር የለውም። ሞክሬ ወደድኩት አላልክም። ሞክሬ አቃተኝም አላልክም። ሁለቱም ገጽ ስለ እሷ ነው።

ሰው ትልቅ ውሳኔ ፊት ሲቆም ሁለት ልብ ይሆናል። አንዱ «ግባበት» ይለዋል፣ ሌላው «ቆይ እስቲ»። ሁለቱም የራሱ ናቸው። ባልና ሚስት ሲሆኑ ግን ሳይነጋገሩ ይካፈሉታል። አንተ ተስፋውን ወሰድክ፣ ፍርሃቱ ለእሷ ደረሳት። አንተ ስለሚመጣው ደመወዝ ስታወራ እሷ ስለ ቤት ኪራይ ታወራለች። አንተ ቪዲዮ ስትከፍት እሷ ልጅቷን ታያለች። በዚያ ቤት አንድ ሰው መፍራት አለበት፤ አንተ እምቢ ስላልክ ለሁለታችሁም የምትፈራው እሷ ሆነች። አንተ ደግሞ የራስህን ፍርሃት ፊቷ ላይ ታየውና ትቆጣታለህ።

ዊሊያም ሚለር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1983 እ.ኤ.አ. የመጠጥ ችግር ያለባቸውን ሰዎች ስለማማከር የጻፈው ከዚህ ጋር ይገናኛል። አማካሪው «ተው፣ አቁም» እያለ በገፋ ቁጥር ሰውየው ለመጠጡ ጥብቅና ይቆማል። መግፋቱ ሲቀር ግን የማቆሙን ምክንያት ራሱ ማውራት ይጀምራል። በእናንተም ቤት አንተ የአንዱ ወገን ጠበቃ ስለሆንክ ሌላውን ወገን ይዛ የቀረችው እሷ ናት። አሁን ደግሞ እኔን ሁለተኛ ጠበቃ ልታደርገኝ ነው። ይቅርብኝ።

«እሱ አንተ አይደለህም» ያለችህን እንደ ንቀት ሰማኸው። ሊሆን ይችላል። ግን ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው የ3 ዓመት ልጅ ነበረው? እኔ ብሆን መጀመሪያ ይህን እጠይቃት ነበር።

በቅንፍ ወደሸሸግካት ዓረፍተ ነገር ልምጣ። እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ። በእኔ አታምንም ብለህ ከሰሃታል፤ ሳይነግራት የከፈለው ግን አንተ ነህ። የከፈልከውን ባታውቅም አንድ ነገር መወሰንህ ሳይሸታት አልቀረም፤ ላፕቶፕ በገባች ቁጥር ሲዘጋ ማን አይጠረጥርም? ዝም ያልከው «ባይሆንስ?» እንዳትልህ ብቻ አይመስለኝም። ብትነግራት ነገሩ የምር ይሆናል፤ ያኔ አንተም መፍራት ትጀምራለህ።

ስለዚህ ክፍያውን ንገራት፤ ቢቻል ገንዘቡ የሚመለስበት ቀን ሳያልፍ። ከዚያ ስለ ቡትካምፑ ጥቅም አትስበክ። አንተ ራስህ የምትፈራውን አንድ ነገር ንገራትና ዝም በል። ወዲያው «በርታ» ትልሃለች ብዬ ቃል አልገባልህም፤ የመጀመሪያው ምሽት ኩርፊያ ሊሆን ይችላል። ታገሣት።

ትምህርቱን በነፃ መቅመስ ትችላለህ። ፍሪኮድካምፕ የሚባል የኢንተርኔት ትምህርት አለ፣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ሲኤስ50 የሚባል ኮርስ አለ። ለሁለት ወር ማታ ማታ አንድ ሰዓት፣ እሷ እያየችህ ሞክረው። ሥራህን ለጊዜው አትልቀቅ። በነገራችን ላይ ያንገሸገሸህ ሒሳቡ ነው ወይስ አለቃህ? መልሱ አለቃህ ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው።

ክፍያውን ስትነግራት ጭቅጭቁ ከከረረ ግን ሁለታችሁም አብራችሁ አንድ አማካሪ ፊት ቀርባችሁ ብትነጋገሩ ይሻላል። እኔ እስካሁን የሰማሁት የአንተን ብቻ ነው፤ እሷ ብትጽፍልኝ ምን ትል ይሆን እያልኩ ነው ደብዳቤህን ያጠፍኩት።