ለስፓርክና ለኢግናይት ዳታው የት ይቀመጥ? ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

መልስ ሰጪ፦ ዛሬ ማታ ስለ ስቶሬጅ ብቻ ነው። ስፓርክ ትልቅ ዳታን በብዙ ማሽን ከፋፍሎ የሚያሰላ፣ ኢግናይት ደግሞ ዳታን በብዙ ማሽን ራም ላይ የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ ከዚህ አልፌ ከሀሁ አልጀምርም። ስትጠይቁ የማሽኑን ብዛት፣ ራሙን፣ የኔትወርኩን ፍጥነትና የዳታውን መጠን ጻፉ።

ከሸዋሮቢት፦ መምህር፣ ለስፓርክ የቱ ስቶሬጅ ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሦስት ማሽን አለን፤ እያንዳንዱ 64 ጊጋ ራምና አራት ሃርድ ዲስክ አለው። ስዊቹ 1 ጊጋቢት ነው። ዳታው 2 ቴራ ገደማ የአየር ጠባይ መዝገብ ነው። ፋይልን ቆራርጠው በብዙ ማሽን ዲስክ ላይ ከሚያስቀምጡት ከኤችዲኤፍኤስና ከሴፍ የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ኤችዲኤፍኤስ ያዙ። ስዊቻችሁ በአንድ ማሽን ገመድ በሰከንድ ቢበዛ 125 ሜጋባይት ነው የሚያሳልፈው፤ አንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ብቻውን ይሞላዋል። ኤችዲኤፍኤስ የትኛው ብሎክ፣ ማለትም የፋይል ቁራጭ፣ የት እንዳለ ለስፓርክ ስለሚነግረው ሥራው ዳታው ወዳለበት ማሽን ይሄዳል። ካልነካችሁት ሦስት ቅጂ ያስቀምጣል፤ በሦስት ማሽን ላይ ደግሞ ሁሉም ማሽን ሙሉውን ዳታ ያዘ ማለት ነው። ንባቡ ከራሱ ዲስክ ይሆንና ኔትወርኩ ለሸፍል፣ ማሽኖቹ በስሌት መሐል ዳታ ለሚለዋወጡበት፣ ይተርፋል። ሴፍ ላይ ንባብ የሚሄደው ወደ ዋናው ቅጂ ስለሆነ በእናንተ ሦስት ማሽን ከንባቡ ሁለት ሦስተኛው ገደማ በዚያችው ስዊች ያልፋል። ሴፍን አልጠላም፤ ለቨርችዋል ማሽን ዲስክ ሲሆን እኔም እሱን ነው የምመርጠው።

ዲስኮቹን እንደ አንድ አጣምራችሁ ሬይድ አታድርጓቸው፣ ለየብቻ ስጡት። 2 ቴራው 6 እንደሚሆን አትርሱ። የየሰዓቱን መዝገብ በትንንሽ ፋይል እያደረጋችሁ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ፓርኬ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ሰብስቡት፤ የኤችዲኤፍኤስ መዝገብ ያዥ የሆነው ኔምኖድ የፋይሉን ሁሉ ስም የሚይዘው ራም ላይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ መብራት። ኤችዲኤፍኤስ ብሎክ ጽፎ ሲዘጋ ዲስክ ላይ መድረሱን አያረጋግጥም፤ «ሲንክ ኦን ክሎዝ» የሚባለው ቅንብር ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አንድ ማሽን ቢወድቅ ግድ የለም፣ ሁለት ቅጂ አለ። ሕንጻው በሙሉ መብራት ሲያጣ ግን ሦስቱም ቅጂ የሦስት ማሽን ራም ውስጥ እያለ ሊሄድ ይችላል። አብሩት። መጻፉ ይዘገያል፤ ይዘግይ።

ከደብረ ሲና፦ እኔ ሁለት ማሽን ነው ያለኝ። ክላስተር...

መልስ፦ ሁለት ማሽን ክላስተር አይደለም። ሁለት ሰው ተጣልቶ ሽማግሌ እንደሌለበት ነው፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ማን ልክ እንደሆነ የሚፈርድ የለም። በአንዱ ሥራ፣ በሌላው ባክአፕ ያዝ።

አንድ አባል፦ ይቅርታ፣ ግን ኤችዲኤፍኤስ አርጅቷል። ዓለም ወደ አማዞን የደመና ማከማቻ፣ ወደ ኤስ ስሪ ሄዷል። በራስ ማሽን ላይ እንደ ኤስ ስሪ የሚሠራውን ሚኒዮን ተክሎ መገላገል ነው።

ሌላ አባል፦ አንተ ደግሞ አዲስ ስም በሰማህ ቁጥር!

መልስ፦ አትጨቃጨቁ፣ እዚህ ላይ የምለው አለኝ። ስፓርክ ውጤቱን መጀመሪያ ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ይጽፍና ሲጨርስ ስሙን ይቀይረዋል። ኤችዲኤፍኤስ ላይ ይህ በኔምኖዱ መዝገብ ላይ የሚደረግ አንድ ለውጥ ነው። በኤስ ስሪ ዓይነቱ ግን ስም መቀየር ማለት እያንዳንዱን ፋይል መቅዳትና አሮጌውን ማጥፋት ነው። 500 ጊጋ ውጤት ካለህ 500 ጊጋ እንደገና ትቀዳለህ፤ መሐል ላይ ከወደቀ ግማሽ ውጤት እንደ ሙሉ ይነበባል። የአማዞኑ ኤስ ስሪ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የጻፍከውን ወዲያው ያሳይሃል፣ የድሮው ስሞታ አበቃ። የስም መቀየሩ ጣጣ ግን አላበቃም። ስለዚህ ሚኒዮ ከሆነ ስም ሳይቀይሩ ውጤቱን የሚያጸድቁትን የኤስ ስሪ ኤ ኮሚተሮችን ተጠቀም፣ ወይም ውጤቱን የፋይሎቹን ዝርዝር ራሱ በሚይዘው በአይስበርግ ሠንጠረዥ ጻፍ። ይህን ሳታደርግ «ሚኒዮ ቀርፋፋ ነው» ብለህ እንዳትመጣ።

ከመሐል ሜዳ፦ እኛ አገር ብርዱ ይበቃል፣ ለሰርቨሩ ክፍል ማቀዝቀዣ አያስፈልግም አይደል?

ሌላ አባል፦ መስኮት መክፈት ነው እንጂ! ሐምሌ ላይ እኮ ሰርቨሩ ራሱ ጋቢ ይፈልጋል።

መልስ፦ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ መሐል ሜዳ ደግሞ ይብሳል። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው እኩል ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የሰርቨሩን መመሪያ እዩ፤ ከፍታ ሲጨምር የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት ይወርዳል። መስኮት የሚያስገባው አቧራም ሌላ ጣጣ ነው። ወደ ስቶሬጅ እንመለስ።

ፋብሪካ የምትሠራ፦ ኢግናይት ላይ ሁሉንም ራም ውስጥ አድርገን በሌላ ማሽን አንድ ቅጂ ይዘናል። ከኋላ ዲስክ ባይኖርስ?

መልስ፦ እህቴ፣ መብራት! ቅጂውም ራም ነው፤ አብረው ይሄዳሉ። ኢግናይት ከ2.1 ጀምሮ፣ ከ2017 ማለት ነው፣ በራሱ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይችላል። እሱን አብሪ፤ ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱን ዲስክ ስጪ፤ ሌላ ስቶሬጅ ከኋላ አትደርድሪ። የለውጥ መዝገቡ አያያዝ ግን ሲመጣ «ሎግ ኦንሊ» ላይ ነው፤ ይህ ፕሮግራሙ ቢወድቅ ያድናል፣ መብራት ቢጠፋ ግን ዋስትና የለውም። ለገንዘብና ለትእዛዝ ዳታ፣ ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠውን «ኤፍሲንክ» አድርጊው። ኤስኤስዲውም መብራት ሲቋረጥ በእጁ ያለውን ጽፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለው ይሁን።

ሌላ ጠያቂ፦ ከሩቅ ስቶሬጅ የመጣውን ዳታ በቅርብ የሚሸጉጠው አሉክሲዮ የሚባለውስ?

መልስ፦ ስቶሬጅህ ሩቅ ሲሆን ነው የሚጠቅመው። ያንተ እዚያው ክፍል ነው።

ሌላ ጠያቂ፦ ስፓርክ ሚሞሪ ላይ ከሠራ ስቶሬጅ ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ የጠፋበትን ክፍል ከምንጩ እንደገና አስልቶ ነው የሚመልሰው። ምንጩ ከሌለ ከምን ያስላ?

ከደብረ ሲና፦ ሁለቱን ማሽን በዩፒኤስ ባደርጋቸውስ?

መልስ፦ ሁለት ማሽን ክላስተር አይደለም።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ መምህር፣ እውነተኛውን ዳታ ከመጫናችን በፊት በምን እናረጋግጥ?

መልስ፦ የማትፈልጉትን 50 ጊጋ ጫኑ። መጻፉ እንዳለ የአንዱን ማሽን የኔትወርክ ገመድ ንቀሉና ሥራው መቀጠሉን እዩ። ቀጥሎ ሦስቱንም በአንዴ ከሶኬት ንቀሉ። ሲነሱ በኤችዲኤፍኤስ «ኤፍ ኤስ ሲ ኬ» ትእዛዝ የጎደለ ብሎክ ፈልጉ፣ ከዚያ ሲንክ ኦን ክሎዝን አብርታችሁ ድገሙት። ሁለቱንም ውጤት ላኩልኝ።