የቤት ዕቃ ለመግዛት ብላችሁ አባልነት አትግዙ

አሜሪካ ረጅም ዘመን ኖሬ ወደ አዳማ ከተመለስኩ ወዲህ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የሚደውሉልኝ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። «የቤት ዕቃ በፋብሪካ ዋጋ እናቀርባለን የሚል ክለብ ለአባልነት ብዙ ሺህ ዶላር እየጠየቀን ነው፤ እንግባ ወይስ ይቅርብን?» ይሉኛል። መልሴን አላጓትትም፤ ይቅርባችሁ። በዓመት 65 ዶላር የሚያስከፍለው የጅምላ መደብር ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው አነሳዋለሁ። አንድ ሶፋ እንኳ ሳትመርጡ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያስቆጥራችሁ ክለብ ግን፣ በየዓመቱ ቤት ለሚቀያይር፣ በሁለት ሥራ ለሚሮጥና አገር ቤት ያሉ ወላጆቹን ለሚረዳ አዲስ ቤተሰብ የጠቀመበትን አጋጣሚ አላየሁም።

1. በመጀመሪያ አሠራሩን ዕወቁ። ግብዣው በፖስታ ወይም በስልክ ይመጣል። ስጦታ እንደተዘጋጀላችሁ ይነገራችኋል፤ ባልና ሚስት አብራችሁ እንድትመጡም አጥብቀው ያሳስቧችኋል። ይህ የሚደረገው ለትዳራችሁ ክብር ተሰጥቶ ሳይሆን፣ «ባለቤቴን አማክሬ ልመለስ» የሚለውን መውጫ አስቀድሞ ለመዝጋት ነው። ከዚያ ናሙና ወንበሮች፣ ምንጣፎችና የማድ ቤት ቁም ሳጥኖች በተደረደሩበት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ መደብሮች በፋብሪካው ዋጋ ላይ ምን ያህል እንደሚጨምሩ ረጅም ማብራሪያ ትሰማላችሁ። የክለቡን የራሱን የዋጋ ዝርዝር ግን ከፍላችሁ አባል ሳትሆኑ እንደ ልብ አታገላብጡትም። በመጨረሻም ዛሬ ካልፈረማችሁ ሁለተኛ ዕድል እንደማይሰጣችሁ ትሰማላችሁ።

ከዚህ የበለጠ ምን ማስጠንቀቂያ ትፈልጋላችሁ? አዳማ ገበያ ውስጥ «መጀመሪያ ክፈልና ዋጋውን ኋላ እነግርሃለሁ» የሚል ነጋዴ ቢያጋጥማችሁ ዘወር ብላችሁ አታዩትም ነበር። ዛሬውኑ ፈርሙ የሚባለው፣ አንድ ሌሊት ካደራችሁ ያንኑ ሶፋ ሌላ ቦታ በስንት እንደሚሸጥ በስልካችሁ ስለምታዩ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ በይሉኝታ ተኮትኩቶ ያደገ ነው። ቡና አቅርቦልን፣ በትሕትና ሲያስረዳን ያመሸውን ሰው ባዶ እጁን ትቶ መነሣት ነውር ይመስለናል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ የፈረሙ ጨዋ ባልና ሚስቶችን አውቃለሁ። ያ ሰው ግን ሥራውን ሲሠራ ነው ያመሸው፣ ደመወዝ ወይም ኮሚሽን ይከፈለዋል፤ እናንተ ያለባችሁ ውለታ የለም። «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ብሎ መውጣት በአሜሪካ ማንንም አያስቀይምም።

የዚህ ዓይነት ክለብ ዕድሜ ልክ እንደሚቆይም አትቁጠሩ። ከሁሉም ይበልጥ የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢንዲያና ዩናይትድ ኮንሲውመርስ ክለብ በሚል ስም ተቋቁሞ በኋላ ዳይሬክትባይ የተባለው ድርጅት፣ በ2016 ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ለብዙ ዓመት የሚሆን ክፍያ በአንድ ቀን ስትቆጥሩ የድርጅቱን የነገ ዕጣም አብራችሁ ትሸከማላችሁ።

2. አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አንሡ። የአባልነቱ ክፍያ 4,000 ዶላር ነው፣ ክለቡም ቃሉን ጠብቆ ከመደብር ዋጋ 20 በመቶ ያስቀንስላችኋል እንበል። የከፈላችሁትን ብቻ ለማስመለስ በመደብር ዋጋ 20,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ መግዛት አለባችሁ። በየትዕዛዙ ላይ ደግሞ የማጓጓዣና የማስተናገጃ ሒሳብ ይታከላል፤ ይህ ከቅናሹ ግማሹን ከበላው፣ የ40,000 ዶላር ዕቃ እስክትገዙ ድረስ በኪሳራ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ የተከራየ ሰው የ40,000 ዶላር ዕቃ የት ያስቀምጠዋል? ክፍያው በዱቤ ከሆነ ወለዱ ይጨመራል፤ አንዳንዱም ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኋላ የማደሻ ክፍያ ይጠይቃል። ዕቃው የሚታዘዘው በካታሎግ ስለሆነ እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ ደርሶ ቀለሙ ካልተስማማችሁም መመለሱ እንደ ተራው መደብር አይቀልም። ዕዳ የሌለበትን የባንክ ሒሳቡን ለማያውቀው ሶፋ ብሎ በወለድ የሚያሲዝ ሰው ሳይ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚለው አነጋገር ለዚህ የተባለ ይመስለኛል።

ይጠቅመዋል ልለው የምችለው፣ ትልቅ ቤት ከመሠረቱ እያሠራ ወለሉን፣ የማድ ቤቱን ቁም ሳጥንና የሁሉንም ክፍል ዕቃ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚገዛ ሰው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በአካባቢው ካሉ ሁለትና ሦስት መደብሮች የጽሑፍ ዋጋ ተቀብሎ ካላወዳደረ በስተቀር እንዲፈርም አልመክረውም።

አዲስ የመጣችሁ ደግሞ ፍራሽ ብቻ አዲስ ግዙ። ጠረጴዛ፣ መደርደሪያና የእንጨት ወንበር ሰው ቤት ሲለቅ በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ በትንሽ ገንዘብ ይሸጣል፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ጉድዊል ሄዳችሁ ብትፈልጉም ታገኛላችሁ። መንገድ ዳር የተጣለ ሶፋና ፍራሽ ግን በነፃም ቢሆን ወደ ቤት እንዳታስገቡ፤ ትኋን ይዛችሁ ትገባላችሁና ማስወጫው ከሶፋው ዋጋ ይበልጣል። አዲስ ሶፋ የግድ ካስፈለጋችሁ፣ መደብሮች በየካቲቱ የፕሬዚዳንቶች ቀን፣ በግንቦት መጨረሻ በሚውለው የመታሰቢያ ቀንና በመስከረም መጀመሪያ ባለው የሠራተኞች ቀን የሚያደርጉትን ቅናሽ ጠብቁ። ወራቱን የቆጠርኩት በፈረንጆቹ ነው። የቤት ዕቃ መደብሩ አይኪያ የአባልነት ካርዱን የሚሰጠው በነፃ ነው፤ ለዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪም የኮሌጅ ፓርክና የውድብሪጅ መደብሮቹ ቅርብ ናቸው። በየከተማው የእኛ ሰዎች ዕቁብ ይጥላሉ፤ ወለድ ከምትከፍሉ ተራችሁ ሲደርስ ሳሎናችሁን በጥሬ ገንዘብ አሟሉ።

3. የጅምላ መደብሮቹን ኮስትኮንና ሳምስ ክለብን ከእነዚህ ክለቦች ጋር አትቀላቅሏቸው። የኮስትኮ መደበኛ አባልነት ከመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓመት 65 ዶላር ሆኗል፤ ካልተደሰታችሁ የአባልነት ክፍያችሁን ይመልሳል፣ በአንድ አድራሻ አብሯችሁ ለሚኖር አንድ ሰውም ሁለተኛ ካርድ በነፃ ይሰጣል። የ130 ዶላሩ አባልነት ከግዢያችሁ 2 በመቶ ስለሚመልስ፣ ተጨማሪውን 65 ዶላር ለማካካስ በዓመት 3,250 ዶላር ያህል መግዛት ይጠበቅባችኋል። ሩዝ፣ ዘይትና የልጆች ዳይፐር ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ አይከብድም፤ ፍራሽና ጠረጴዛም በዚያው ካርድ ይገዛል። ለአንድ ሶፋ ብቻ ብላችሁ ግን አትመዝገቡ።

4. ስለ ወረቀቱ፦ ባዶ ቦታ ያለበትን ውል አትፈርሙ፣ በቃል የተነገራችሁ ተስፋ ሁሉ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ውሉን ወደ ቤት ወስዳችሁ እንድታነቡ ካልፈቀዱላችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

5. እስካሁን የተናገርኩት በአሜሪካ ስለሚቀረው ገንዘብ ነው። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን አዳማ ላይ የማየው ነው። ከላይ ያለውን ሒሳብ ሳሳያቸው ብዙዎቹ የሚመልሱልኝ ተመሳሳይ ነው፤ «ለእኛ አፓርታማ ባይሆን እንኳ፣ አዳማ ለሠራነው ቤት በአባልነታችን ገዝተን በኮንቴነር እንልካለን» ይላሉ። ወገኖቼ፣ ይህን አታድርጉ።

ዕቃው ባሕር ያቋርጣል፣ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ከአዳማ ብዙም በማይርቀው ሞጆ ደረቅ ወደብ ተራውን ይጠብቃል፣ ከዚያ በጭነት መኪና ይመጣል፤ በየደረጃው የሚከፈል አለ፣ ቀረጡም አለ። በክለቡ አተረፍኩት ያላችሁት 20 በመቶ ገና ጅቡቲ ሳይደርስ ያልቃል። ከዕቃው ጋር የላካችሁት ማቀዝቀዣና ማጠቢያ ማሽን የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ሲሆን የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን ስለማይለውጥ ሞተሩ ይጎዳል። ኩዊን የሚባለው የአሜሪካ ፍራሽ 152 በ203 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ እዚህ በልክ የተሠራ አልጋ ላይ አይገጥምም፤ ገበያ ላይ ያለውም አንሶላ ያጥረዋል። ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠራ ቁም ሳጥን በመርከብ ጉዞ እርጥበት ጠጥቶ በአዳማ ሙቀት ሲደርቅ ጠርዙ ይላቀቃል፤ ማጠፊያው ከወለቀ ደግሞ ዳግመኛ ብሎን አይዝም።

በሰፈራችን አንድ ቤት ከአሜሪካ የመጣ የማዕዘን ሶፋ ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ። ስድስት ጎረምሶች ተሸክመውት በበሩ አልገባ ስላለ መጀመሪያ በሩ ወለቀ፣ ቀጥሎ መቃኑ ተነቀለ፣ በመጨረሻም የግድግዳው ልስን ተፈንክቶ ሶፋው ገባ። ሳሎኑ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ለረከቦትና ለሲኒ ማስቀመጫ የሚሆን ቦታ ስላልተረፈ፣ የቤቱ ሰዎች ቡና የሚያፈሉት በረንዳ ላይ ነው።

ነፍሷን ይማርና አክስቴም እንዲሁ ሙሉ ሳሎን ተልኮላት ነበር። ልጇ በብዙ ልፋት የላከው ነውና ፕላስቲኩን አላስቀደደችም፤ ቤቷ ስንገባ ሶፋው እንዳይቆሽሽ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ባለው ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ትቀበለን ነበር። ጉልበቷን ያማት ስለነበር፣ ዝቅና ጥልቅ ካለው የአሜሪካ ሶፋ ላይ አንድ ቀን ብትቀመጥ ሁለት ሰው ደግፎ ነበር ያነሣት። የሚያስፈልጋት ከፍ ያለ፣ እጅ ማሳረፊያው ጠንካራ የሆነ፣ ተደግፋው የምትነሣበት አንድ ወንበር ነበር። ያንን ወንበር ከቤታችን ኋላ ባለው መንገድ ላይ የሚሠራው አናጺ በሳምንት ይጨርሰው እንደነበር ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል። ልጇ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የሚወዳት ልጅ ነው። የሳሎኑን ፎቶ ግራፍ ጠይቆ ነበር፤ እናቱን ግን በምን ላይ መቀመጥ እንደሚመቻት አልጠየቃትም።

የምቆጣው በገንዘቡ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ሻጩን አፍረን እንፈርማለን፣ እንግዳ ምን ይለናል ብለን ከአቅማችን በላይ እንገዛለን፣ ጎረቤት ልጁ ምን ላከ ይላል ብለን በኮንቴነር እንጭናለን፤ በዚህ ሁሉ መካከል ዕቃው ለሚቀመጥበት ሰው የሚያስብ ይጠፋል። እዚህ ያሉ እናቶቻችን ደግሞ ለሰው ፊት ሲሉ «ልጄ የላከው ነው» እያሉ በሶፋው ይኮራሉ፤ ለልጃቸው በስልክ «የመድኃኒት መግዣ አጥሮኛል» ለማለት ግን ያፍራሉ። የምጮኸው ለዚህ ነው።

የአዳማውን ቤት አዳማ አሟሉት። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ነው፤ ለአባልነት ብቻ የምትከፍሉት 4,000 ዶላር ከ400,000 ብር በላይ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ አናጺውም፣ ስፖንጅ ቆራጩም፣ ልብስ ሰፊውም ሥራ ያገኛሉ፤ የተሰበረውንም በማግስቱ መጥተው ይጠግኑታል። ስታሠሩ ግን ጠንቀቅ በሉ። የክፍሉንና የበሩን ልክ በሜትር ለክቶ የሚሰጥ የታመነ ሰው ይኑራችሁ። ዋንዛ ነው ተብሎ በባሕር ዛፍ እንዳይሠራባችሁ፣ እንጨቱም በደንብ ሳይደርቅ እንዳይገጠም፣ ከመቀባቱና ከመልበሱ በፊት ማዕቀፉን በቪዲዮ ተመልከቱ፤ ቀለምና ጨርቅ ከለበሰ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም። ስፖንጁን ራሳችሁ ወይም ወኪላችሁ ይምረጥ፤ ርካሹ በዓመቱ ይረግባል። ቀብዱ ከግማሽ አይብለጥ፣ የቀረው ዕቃው ቤት ገብቶ ከታየ በኋላ ይከፈል። ለወላጆች የሚሆን ከሆነ የመቀመጫው ከፍታ በእነሱ ጉልበት ልክ ይለካ፤ እናታችሁን በስልክ ሳይሆን የሚለካው ሰው ቤቷ ሄዶ ያስቀምጣት፣ ስትነሣም ይያት።

6. ፈርማችሁ ከሆነ ይህን ፈጥናችሁ አንብቡ። በአሜሪካ ፌደራል ሕግ መሠረት፣ ሻጩ ቤታችሁ መጥቶ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ፣ ወይም እንደ ሆቴል አዳራሽ ባለ ጊዜያዊ ቦታ 130 ዶላርና ከዚያ በላይ ያስፈረማችሁ ከሆነ፣ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ። ቅዳሜ ለዚህ ጉዳይ የሥራ ቀን ሆኖ ይቆጠራል፤ እሑድና የፌደራል በዓላት ግን አይቆጠሩም። የፈረማችሁት በድርጅቱ ቋሚ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከሆነ ይህ ሕግ አይደርስላችሁም፤ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ አንዳንድ ክፍላተ ግዛት ግን ለቅናሽ ግዢ ክለቦች የተለየ ሕግ ስላላቸው የምትኖሩበትን ግዛት ጠይቁ። የስረዛውን ደብዳቤ በአደራ ፖስታ ላኩ፣ ቅጂውንና ደረሰኙን ያዙ። እምቢ ካሏችሁ ለግዛታችሁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አመልክቱ፤ አቤቱታውን ለማቅረብ ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም። ቀኑ አልፎባችሁም ከሆነ አመልክቱ፤ ሌሎችም ተመሳሳይ አቤቱታ አቅርበው ከሆነ የእናንተ ሰነድ ጉዳዩን ያጠነክረዋል።